«በ» የሌለበት አረፋ

የባሌን አባት ስም መጻፍ አልተከለከልኩም፤ የተከለከልኩት መናገር ነው። ስማቸው በድሩ ይባላል። ይኸው ጻፍኩት፣ ምንም አልሆንኩም። በአፌ ያወጣሁት ግን በሕይወቴ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀንም የሺንሺቾ ገበያ በሙሉ ሰምቶኛል። እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ሆሳዕና ነው። ወላጆቼ ከጉራጌ የመጡ ሙስሊሞች ናቸው፣ እስከ ዛሬ ገበያው አጠገብ ሱቅ አላቸው። ያኔ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሥልጠና ባለሙያ ነበርኩ። ሥራዬ ሴቶችን አዳራሽ ሰብስቤ ስለ ልማድ ማስተማር ነው። ልማዱን ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል፣ ግን ፕሮጀክተሩ ያለው እኔ ጋ ስለሆነ አስተማሪዋ እኔ ነበርኩ። አምስተኛው ስላይዴ ላይ በትልልቅ ፊደል «ድምፅሽን አሰሚ» ይላል። እዚያ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበዋለሁ፣ ሴቶቹ ያጨበጭባሉ፣ ለስላሳ ጠጥተው፣ ፈርመው ይሄዳሉ። እኔም ሪፖርት እጽፋለሁ።

ባሌ ሙስጠፋ የሺንሺቾ ልጅ ነው፤ ሆሳዕና የግንባታ ዕቃ ይሸጣል። ሲያገባኝ አባቱ ደስ አላላቸውም። ከምባትኛ የማታውቅ የከተማ ልጅ ቤታቸው እንድትገባ አልፈለጉም። ለኒካው መጡ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ምሳ ሳይበሉ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልነገሩኝም። ስልክ ሲደውሉ እኔ ካነሳሁት ዝም ብለው ይዘጋሉ። እኔም እንደማይገባኝ ሰው «ኔትዎርኩ ነው» እላለሁ፤ ውስጤ ግን ይቃጠል ነበር።

ልጃችን ሂክማ አራት ዓመት ሲሞላት የባሌ እናት ደወሉና አረፋን ከእኛ ጋር አክብሩ አሉ። ሙስጠፋ የበዓል ገበያ ስላለበት እስከ ዋዜማው ማታ ሱቁን መዝጋት አይችልም። ስለዚህ እኔና ሂክማ ሦስት ቀን ቀድመን እንድንሄድ ተወሰነ። ማን እንደወሰነ አላስታውስም። ሻንጣ ስዘጋ ሙስጠፋ በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ያክ ጀመር።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለኝ። «እናቴ ባሊሻ ትጠብቃለች።»

ባሊሻ ማለት ምራት የአማቷን ስም የማትጠራበት ልማድ ነው። ይኼ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። የከምባታና የሀድያ ሴቶች ግን ከዚህም አልፈው ሄደዋል፤ የአማትየው ስም በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ከምራቷ አፍ አይወጣም። በዚያ ቃል ፈንታ ሌላ ቃል አላቸው። ዛሬ የሚጠብቁት ትልልቆቹ ናቸው፣ ወጣቶቹ ትተውታል። የባሌ እናት ግን ባሊሻ መጠበቅ ከጀመሩ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ አንድ ቀን አልተሳሳቱም። የሳቸው አማት ስም ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማን ይንገረኝ?

«እኔን ምን አገባኝ? ከምባትኛ አልችል» አልኩት።

«በአማርኛም ቢሆን ብትሞክሪ ደስ ይላታል» አለ ሙስጠፋ። «አባቴም ይሰማል።»

አባቴም ይሰማል ያላት ነገር ያዘችኝ። ሻንጣው ላይ ቁጭ ብዬ በ«በ» የሚጀምሩትን ቃላት መቁጠር ጀመርኩ። በግ። በሬ። በርበሬ። በር። በዓል። በቃ። እንግዲህ ለአረፋ አማቶቹ ቤት የሚሄድ ሰው ከበግና ከበዓል ሌላ ምን ያወራል? እንዳይከብደኝ ብዬ «ባ»ን እና «ቡ»ን ለራሴ ምሕረት አደረግሁላቸው። ከዚያ እንደ ባለሙያነቴ ስልኬ ላይ ዝርዝር አዘጋጀሁ፦ በግ፣ ባለ ላቱ። በርበሬ፣ ቀዩ። በር፣ መግቢያው። በቃ፣ አለቀ። «በመኪና መጣን» አይባልም፣ «መኪና ይዘን መጣን» ይባላል። መኪና የለንም፣ ግን ይባላል።

ሚኒባስ ውስጥ ተለማመድኩ። ረዳቱን «ወንድም፣ መግቢያውን ዝጋው» ስለው ዞር ብሎ ሁለት ጊዜ አየኝ። ሂክማ ነገሩ ጨዋታ መስሏት እኔን የመቆጣጠር ሥራ ጀመረች። ተሳስቼ «በ» ካልኩ ጣቷን ቀስራ «እማ፣ በ አልሽ» ትላለች። ዱራሜ ደርሰን መኪና እስክንቀይር ዘጠኝ ጊዜ ያዘችኝ። ከዱራሜ ወዲያ አንድ ጊዜም አልያዘችኝም፤ ራሴን ማድነቅ ጀምሬ ነበር።

«እማ፣ የአባዬ አባት ማን ይባላሉ?» አለችኝ ሺንሺቾ ልንደርስ ስንል።

«እሳቸው ይነግሩሻል» አልኳት።

የዚያን ቀን ብልሃት የመሰለኝ መልስ እሱ ነበር። እሳቸው ጋ ልንደርስ ነው፣ እሳቸው ፊት እንዳትረብሺ፣ ይኼን ለእሳቸው ስጪ፣ ስል ዋልኩ። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ በራፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ሂክማን ሳሙ፣ ጭንቅላቷን ዳሰሱ፣ ለእኔ ሰላምታ አንገታቸውን ነቀነቁ። አንገት መነቅነቅ ከስልክ መዝጋት ይሻላል ብዬ ተጽናናሁ።

ሁለት ቀን ሙሉ እንደዚያ ሆኜ ኖርኩ። የባሌ እናት ቆጮ ሲያቀርቡ «ቀዩ ትንሽ ይጨመርልኝ» እላለሁ። ሲበዛብኝ «አለቀ፣ አለቀ» እላለሁ፣ ሳህኑ ሞልቶ እያለ። ሴትየዋ ትክ ብለው ያዩኛል። እኔ አድናቆት መሰለኝ። ሰውየው ግን አሁንም ለእኔ የሚሉትን ሁሉ በሚስታቸው በኩል ነው የሚሉት። «ለልጅቷ እናት ውሃ ስጪያት» ይላሉ፣ እኔ ክንዳቸው ሥር ተቀምጬ።

ዋዜማው ደረሰ። ሰውየው ተነሥተው በትራቸውን ያዙና ሂክማን ገበያ ወስጄ በግ አሳያታለሁ አሉ፤ የልጅቷ እናትም መምጣት ካማራት ትምጣ አሉ ለሚስታቸው። እኔ ደስ አለኝ። የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ከፊት፣ እኔ አሥር እርምጃ ከኋላ እየተከተልኩ ሄድን። በልቤ ፎቶ አነሣኋቸው። በስልኬም ላነሣ ስል ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ነበር።

በዓል ነው፣ እረፍት ላይ ነኝ ልል ነበር፤ «በዓል» የማይባል ሆነና «እረፍት ላይ ነኝ» ብቻ አልኩ። አለቃዬ እረፍት የሚለው ቃል አይሰማውም። ባለፈው ወር ስንት ሴቶች ድምፃቸውን እንዳሰሙ ቁጥሩን አሁኑኑ ፈለገ። ሰው እየገፋኝ፣ አንዱን ጆሮዬን ደፍኜ፣ ቁጥሩን ኢሜይል አድርጌ እልካለሁ ስለው ሁለት ደቂቃ ሄደ፤ ምናልባት ሦስት። ቀና ስል ሁለቱም የሉም።

መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ወደ በጎቹ ነው የሄዱት አልኩና ተከተልኩ። የአረፋ ዋዜማ የሺንሺቾ ገበያ ላይ በግ የሌለበት ቦታ የለም፤ ሰው በግ ይጎትታል፣ በግ ሰው ይጎትታል። «ሂክማ!» ብዬ ተጣራሁ። ከአንድ ባጃጅ ላይ የተሰቀለ ሞንታርቦ ስለ ጫማ እየለፈለፈ ድምፄን ዋጠው። ሮጬ በግ ተራውን ዞርኩት። የሉም። ያን ጊዜ ሰው መጠየቅ ጀመርኩ።

ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ጋ ደርሼ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ልጅ የያዙ ሽማግሌ አይታ እንደሆነ ጠየቅኋት። ዛሬ ሽማግሌ ሁሉ ልጅ ይዟል አለች፣ እውነቷን ነው። ማን ይባላሉ አለችኝ።

«የሙስጠፋ አባት ናቸው።»

«የቱ ሙስጠፋ?»

«ሆሳዕና ያለው።»

ሴትዮዋ አዘነችልኝ። የሺንሺቾ ልጅ ግማሹ ሆሳዕና፣ ግማሹ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ በዚህ ሰው አይገኝም፣ የሽማግሌውን ስም ንገሪኝ አለች። አፌን ከፈትኩ። ከንፈሮቼ ገጠሙ። አልወጣም። አማቴ ናቸው አልኳት።

ፊቷ በራ። «ባሊሻ ትጠብቂያለሽ?» አለችኝና ወደ ጎረቤቷ ዞራ በከምባትኛ አወራቻት። ያቺም ለቀጣይዋ ነገረች። ባንድ አፍታ ስድስት ሴቶች ከበቡኝ፤ እንደ ጥሩ ዘመን ትዝታ ነው የሚያዩኝ። አንዷ ትከሻዬን መታ መታ አደረገች። የዛሬ ልጆች ሁሉ አፋቸውን ከፍተዋል፣ አንቺ ከየት የመጣሽ ጨዋ ነሽ አለችኝ። ልጄ ጠፍታብኛለች እላቸዋለሁ፤ እሱን እናገኘዋለን፣ አንቺ ብቻ ስሙን እንዳትጠሪ ይሉኛል። ከዚያ መገመት ጀመሩ።

«ሸምሱ?»

ራሴን ነቀነቅሁ፣ አይደለም።

«ከድር? ኑሪ? አወል?»

አይደለም፣ አይደለም። የመጀመሪያው ፊደል ምንድን ነው አለችኝ አንዷ። ፊደሉን መናገር ስሙን ከመጥራት አይሻልም፤ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ «በ» ብዬ ጽፌ አሳየኋቸው። ስድስቱም መዳፌን ተራ በተራ በጥሞና አዩት። ማንበብ የሚችል አልነበረም። አንዷ ቤት መሰላት መሰለኝ፣ ቤቱ የት ነው አለችኝ።

ሞንታርቦው ከወዲያ «አቶ እሳቸው፣ አቶ እሳቸው፣ ወደ እኛ ይምጡ» እያለ ይጮሃል። ማስታወቂያው አናቴ ላይ ወጣ። ደግሞ ምን ዓይነት ስም ነው ብዬ ተናደድኩበት እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም።

በመጨረሻ ጨው የሚሸጥ አንድ ሰው መዳፌን አንብቦ «በ ነው» አላቸው። ሴቶቹ ተደሰቱ። በሽር፣ በረካ፣ በያን ብለው አራተኛው ላይ በድሩ አሉ። ጭንቅላቴን ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቅሁት። ጨው ሻጩም ተከዘና፣ ሺንሺቾ ውስጥ በዚያ ስም የሚጠሩ የሚያውቃቸውን በጣቱ ቆጥሮ አንድ እጅ አልበቃው አለ። ከዚያ ያላሰብኩትን አለኝ።

«አንድ ሽማግሌ አረንጓዴ ልብስ የለበሰች ልጅ ይዘው የአዲሎ መኪና ሲሳፈሩ ያየሁ መሰለኝ።»

አዲሎ። መኪና የሚያልፍበት፣ ከየአገሩ ነጋዴ የሚወርድበት የመንገድ ከተማ። አማቴ ከሆኑ ደህና ናት፤ ካልሆኑስ? ይኼ ሽማግሌ ማን ነው? ልጄን ማን ነው የያዛት? እኔ ሴቶችን ድምፃችሁን አሰሙ የምል ሴት፣ ልጄ ከእጄ ወጥታ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በምልክት ሳወራ ቆሜያለሁ። ለምን? አንድ የማያናግረኝ ሰው ምናልባት አንድ ቀን ያናግረኛል ብዬ። ያን ጊዜ ራሴን ጠላሁት፤ ይህን አልደብቃችሁም።

እነዚያን ሴቶች ገፍቼ ሮጥኩ። ሞንታርቦ የተሰቀለበት ባጃጅ ዙሪያውን ሱሪና ጃኬት ተንጠልጥሎበታል። ጢማም ባለቤቱ አፉን ከፍቶ ሳለ ማይኩን ከእጁ ነጠቅሁት። ሊነግረኝ የፈለገው ነገር ነበር፤ አላስነገርኩትም።

«በድሩ!»

አቶ የለ፣ ጋሽ የለ፣ አባባ የለ።

«በድሩ! ልጄ የት ናት? በድሩ! ልጄን አምጣ!»

ድምፄ በ፣ በ፣ በ፣ እያለ በአራቱም አቅጣጫ ሄደ። ገበያው ጸጥ አለ። በሕይወቴ አዳራሽ ሙሉ ሴት እንደዚያ ዝም ብሎ ሰምቶኝ አያውቅም። በጎቹ ብቻ አላቆሙም። ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ከሩቅ ታየኛለች።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከጀርባዬ፣ ከተንጠለጠሉት ሱሪዎች ኋላ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ።

«እማ፣ በ አልሽ።»

ሱሪዎቹን ገለጥኩ። ሂክማ የባጃጁ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የአዋቂ ጫማ አጥልቃ፣ ብስኩት ትበላለች።

ወደ ደረቴ አስጠጋኋት። ጢማሙ ሰውዬ ማይኩን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና ማስረዳት ጀመረ። ልጅቷ ጫማ ልታይ ብቻዋን መጣች። ስሟን ብጠይቃት ለማላውቀው ሰው ስሜን አልነግርም አለች። ይኼንን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ሥልጠና ወስጄበት። የማን ልጅ ነሽ ብላት የእሳቸው አለች። እሳቸው ማን ናቸው ብላት፣ አያቴ ናቸው፣ እሳቸው ነው የሚባሉት አለች። «እኔም ሃያ ደቂቃ አቶ እሳቸውን ስጣራ ነበር» አለ ሰውየው፣ ተቀይሞ።

ሰዉ መንገድ ሲለቅ አየሁና ቀና አልኩ። አማቴ ናቸው። በትራቸውን ጥለዋል፣ ኮፍያቸው ተንጋዷል፣ ያለከልካሉ። የበግ ጥርስ ሳይ እጇን ለቀቅኋት፣ ወደ እናቷ የተመለሰች መሰለኝ አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ ግን አልለዩም። ሂክማን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ገበያው በሙሉ ይጠብቃል። እኔም መሬቱን እያየሁ ጠበቅሁ።

«አንቺ ነሽ የጠራሽኝ?» አሉኝ። አንቺ አሉኝ፣ የልጅቷ እናት ሳይሆን።

«እኔ ነኝ አባባ። ይቅርታ።»

ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆዩ። «ሌላውን አልሰማሁም፣ ስሜን ብቻ ሰማሁ» አሉ። «እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ የጠራኝ የለም። የሞትኩ መስሎኝ ሮጬ መጣሁ።» ከዚያ ዝቅ ብለው ሂክማን ፊት ለፊት አዩዋትና ስሜ በድሩ ነው፣ ጠፍተሽ የጠየቀሽ ካለ እንዲህ ብለሽ ንገሪ አሏት። ሂክማ ወደ እኔ ዞራ ይህን ቃል ማለት እንደሚፈቀድላት ጠየቀች። ይፈቀድልሻል አልኳት።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ደርሷል። የባሌ እናት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝና ምንም ሳይሉ በእጄ ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ፣ በሩንም ዘጉት። አለቀልኝ አልኩ። ለሃምሳ ዓመት ያህል የጠበቁትን ነገር እኔ በሁለት ቀኔ በሞንታርቦ በትኜዋለሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ጀመርኩና አሁንም ባለ ላቱ ምናምን ስል አቋረጡኝ።

«ቆይ ልጄ፣ ይኼ ባለ ላት የምትይው ምንድን ነው?»

በግ መሆኑን ነገርኳቸው። ቀዩስ? በርበሬ። ለምን እንደሆነ አስረዳሁ። የባሌ እናት ግድግዳውን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «በአማርኛ ደግሞ ማን ይጠብቃል?» አሉ። «ባሊሻ የእኛ ቋንቋ ነው። እኔ እኮ የሆሳዕና አማርኛ እንደዚያ መስሎኝ፣ ምስኪን ብዬ ሳዝንልሽ ነበር።» ሙስጠፋ ስለ ሴቶች ቋንቋ ምን ያውቃል አሉ። እውነት ነው፤ ምንም አያውቅም። እኔም ከባለሙያነቴ ጋር እሱኑ አምኜ መጣሁ።

ሳቃቸው አለቀ። ወደ በሩ አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ቀረቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሙን ስትጠሪው አፍሽ ላይ ምን አለሽ?»

አልገባኝም ነበር። ቆይቶ ገባኝ፤ በእሳቸው ዘመን ሚስት የባሏንም ስም አትጠራም። ከዚህ ሰውዬ ጋር ስድስት ልጅ ወልደዋል፣ ሁለቱን ቀብረዋል፤ ስሙን ግን ከአፋቸው አውጥተው አያውቁም። ምንም አይልም፣ ቀላል ስም ነው አልኳቸው። አንዴ ድገሚው አሉኝ። በጆሯቸው «በድሩ» አልኩ። ከንፈራቸውን ገጠሙ፣ ሊሉት ሞከሩ። አልወጣም። እኔስ መሽቶብኛል አሉና ቅቤውን ሊያዩ ሄዱ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ አረፋ ወዲህ አምስተኛውን ስላይዴን አጥፍቼዋለሁ። ልማዱ ጥሩ ነው ብዬ አይደለም፤ ልጄን ሊያሳጣኝ ነበር። ግን ድምፅሽን አሰሚ እያልኩ ስጮህ ከፊቴ የተቀመጡት ሴቶች ለብቻቸው አንድ ሙሉ ቋንቋ እንዳላቸው አልጠየቅኳቸውም ነበር። አሁን ሥልጠና ስጀምር አስቀድሜ እጠይቃለሁ፣ ብዙ ጊዜም ሰዓቱ በመልሳቸው ያልቃል፤ አለቃዬ በሪፖርቴ ደስተኛ አይደለም። እናንተም ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ትንሹን ልጃችሁን ጥሩና አያትህ ማን ይባላሉ በሉት። «አያቴ» ብቻ ካላችሁ በበዓል ገበያ እጁን አትልቀቁ።

አማቴ አሁን ሲደውሉ አይዘጉብኝም። ስልኩን ሳነሣ «በድሩ ነኝ» ይላሉ፤ እኔ እንዳልጠራው ራሳቸው ይጠሩልኛል።

ባለፈው ወር ደግሞ ሚስታቸው ደወሉልኝ። ደህንነታችንን ጠየቁ፣ ሂክማን ጠየቁ፣ ከዚያ ዝም አሉ። ኔትዎርኩ መስሎኝ ነበር።

«ዛሬ ብቻዬን ነበርኩ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ከብቶቹ ጋ ሄጄ አልኩት።»

«ስሙን? ምን ሆነ ታዲያ?»

«ምን ይሆናል» አሉ። «ላሟ ዞር ብላ አየችኝ፤ እኔም ደገምኩላት።»